ገርበብ ያለ በር

አንድ መስከረም ቀን በአውቶቡስ ተሳፍራ፣
በቆርቆሮ ሣጥን ቀለሞቿን ሰድራ፣
ኤኒድ ፈርዝ የሚሏት ከለንደን መጣች፤
ከጀልባ ቤቴ ላይ ክፍል ተከራየች።

እኔ የውሃ ዘብ ነኝ፤ አባቴም፣ አያቴም፤
ከጨው ባሕር ሌላ ጠላትም የለንም።
ማዕበል ሲነሣ በሩን እንዘጋለን፣
ሲሸሽ የማሳውን ጎርፍ እንሸኛለን።
የሰፎክ ዳር ሜዳ፣ ገብስና ቀይ ሥር፣
ከሩቅ የሚታየው ነገር ቢኖር አጥር።
«ምን ይሣላል እዚህ?» ሚሊን ስጠይቃት፣
«የጭቃ ቦቲህ ነው!» ሣቅ እያመለጣት።

ሰሌዳ አዘንብላ፣ ወረቀቱን አርሳ፣
ከኔው ቦይ ቀድታ በኢናሜል ጣሳ፣
ጠብ ታደርጋለች አንድ ጠብታ ሰማይ፣
ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብላ ልታይ።
ነጭ ቀለም የላትም፤ ብርሃን ሲያስፈልጋት
ወረቀቱን ባዶ መተው ነው የሷ ብልሃት።
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እላለሁ፤
እሷ በስፖንጅ ጫፍ ስታፍስ አይቻለሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠራችኝ፣ ደርቆላት።
አየኋት አገሬን፤ እኔው አላወቅኳት።
ቤት አልባ ደረጃ ከቀይ ሥር መደብ ላይ
ሽቅብ ይወጣል፣ መድረሻው ሳይታይ።
ሥራቸውን ሽቅብ የዘረጉ ዛፎች
ደመና ይጠጣሉ፤ ዝም ያሉ ዶሮዎች
ከቆጣቸው ወርደው ቆመዋል፤ ጨረቃ
ታቅፋለች እንቁላል በጣም ተጠንቅቃ።
ጀልባዬ፣ የራሴው፣ ጎኑ የተላጠ፣
ከስንዴ መሀል ላይ ቆሟል እንዳፈጠጠ።
በሬም እዚያው አለ፣ ከባሕሩ እምብርት፤
ግንብ የለው፣ ቦይ የለው፣ ብቻውን በር ብረት፣
አንድ ጣት የሚያህል ገርበብ ብሎ ከፈት።

ተናደድኩ።
«ይህ ወሬ ነው፣ ሚስ ፈርዝ፣ ውሃ የማያነሣ!
በሬን ትቼ አላውቅም ማዕበል ሲነሣ!»
ብሩሿን አጥባ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ሰሌዳ ማዘንበል፣ ሌላ አላደረግሁም፤
የሄደው ውሃው ነው፤ ለምን እንደሁ አላውቅም።»

ጦርነቱ መጣ፤ ለንደን ተመለሰች።
አንድ ክረምት ካርድ ላከች፤ ከዚያም ዝም አለች።

ከዓመታት በኋላ፣ በጥር ማለቂያ ሌት፣
የሰሜን ነፋስ መጣ ባሕሩን ተሸክሞት።
ሚሊ ታማ ነበር፤ ቸኩዬ ተመለስኩ፤
በሩን መዝጋቴን ግን፣ እጄ ያውቃል አልኩ።

ስለዚያች ሌሊት ብዙ አልናገርም።
የሰው ስም አለባት፤ በቀለም አይጻፍም።

ሲነጋ ጀልባዬ ከስንዴ ቡቃያ ላይ።
የአሮጊቷ ታትል ቤት የለም፤ ደረጃው ግን አለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ።
ዛፎቹ ተነቅለው ሥራቸው ዝናብ ይጠጣል።
ዶሮ ቤቱ ሞልቶ፣ በውስጡ ጨረቃ፤
ቆሜ አየሁ፣ ከወገብ ተውጬ በጭቃ።

ኮሚቴ መጣና «በሩስ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«ዘግቼዋለሁ» አልኩ። ማን ሊጠራጠረኝ?
ውሃ በላው በሩን፤ ማስረጃም አልቀረም፤
የአያቴ ልጅ ነኝ፣ ቃሌ አይፈተሽም።

አሁን ሥዕሉ ያለው ከተማ ሙዚየም ነው፣
መስታወት አልብሰው፣ መጋረጃ ጋርደው
(ብርሃን ይበላዋል፣ ይላል ዘበኛው)።
ልጆች ገልጠው ይስቃሉ፣ «ጨረቃ ዶሮ ቤት!»
አስተማሪዋ «ምናብ ነው፤ የሌለ አገር ናት።»
እኔ ግን ከጥጉ፣ ባርኔጣዬን ይዤ፣
በሬን አየዋለሁ ከፊቱ ፈዝዤ።
ሰማዩ ሳስቷል። ስንዴው የሻይ እድፍ መስሏል።
ያቺ አንድ ጣት ክፍተት ግን አትደበዝዝም፤
ቀለም አይደለችማ፣
ባዶ ወረቀት ናት፣
ውሃ ያልደረሰባት።

ረቡዕ በነፃ ነው፤ በአውቶቡስ እመጣለሁ፤
ተዘግታ እንደሆነ ልይ ብዬ እገባለሁ።